ቀን የተቆረጠለት ጭስ፦ የዴልሂ ነዳጅ ታሪክ

«ንጹሕ ነዳጅ የሀብታም አገር ወግ ነው፤ ድሃ አገር መጀመሪያ ሆዱን ይሙላ» የሚለው ክርክር በብዙ ታዳጊ አገሮች መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲደመጥ ኖሯል። ይህን ክርክር ለመመርመር የህንድ ዋና ከተማ የዴልሂ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የተደረገው ትግል ከመጀመሪያው አቤቱታ ጀምሮ በፍርድ ቤት መዝገብ ተጽፎ ተቀምጧል። ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ፣ ማን ቀጠሮ እንደጠየቀ፣ አይቻልም የተባለው ነገር በመጨረሻ እንዴት እንደተቻለ ከመዝገቡ ይነበባል። ንጹሕ ነዳጅን ያዘገየው የገንዘብ እጦትና የእውቀት ማነስ ብቻ እንዳልነበረም ከዚያው ይታያል። ዋናው ምክንያት ማዘግየት ማንንም ምንም አለማስከፈሉ ነበር። ጭሱ የሚያስከፍለው ዋጋ በሚሊዮኖች ሳንባ ላይ ተበትኖ ሲያበቃ፣ ጭሱን ለማስቀረት የሚወጣው ወጪ ግን በጥቂት ማጣሪያዎች፣ በጥቂት የመኪና ፋብሪካዎችና በአውቶቡስ ባለንብረቶች ላይ ያርፋል። ጥቂቶቹ የሚኒስትሩን በር ያውቁታል፤ ሚሊዮኖቹ አያውቁትም። ማዘግየት ራሱ ገንዘብ ማስወጣት ከጀመረ በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ።

ከናፍጣው እንጀምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በህንድ የሚሸጥ ናፍጣ እስከ 10,000 ፒፒኤም ድኝ ሊኖረው ይችል ነበር። ይህም ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ 10,000 እጅ፣ ማለትም ከክብደቱ አንድ በመቶ ነው። በዚህ ስሌት 20,000 ሊትር የጫነ አንድ ቦቴ ማደያ ሲገባ 170 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ድኝ ይዞ ይገባል። ድኙ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከፊሉ ጉሮሮ የሚከረክር ጋዝ፣ ከፊሉ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚቀር ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ከዚያም በላይ ጉዳት አለው፤ ማርሚታ ላይ የሚገጠሙ ጭስ ማጣሪያዎች ድኝ የበዛበት ነዳጅ ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ነዳጁ ካልጸዳ ዘመናዊ መኪና ማስገባት ብቻውን የትም አያደርስም። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስም ማጣሪያውን በዚያው መልክ ያበላሸዋል። በዚህ ላይ እኛ አገር ባጃጅ የምንላቸው ባለ ሦስት እግር ታክሲዎችና አብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ያኔ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበራቸው። እነዚህ ሞተሮች ዘይትና ቤንዚን አብረው ያቃጥላሉ። ዘይቱ በማደያው በልቅ ስለሚሸጥ ሾፌሩ ሞተሩን የሚጠብቅለት መስሎት ከሚገባው በላይ ያስጨምራል፤ የተረፈውም ዘይት ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ከኋላ ይወጣል። በ1991 ቆጠራ 9.4 ሚሊዮን፣ በ2001 ደግሞ 13.8 ሚሊዮን ሕዝብ የተቆጠረባት ከተማ ይህን አየር ሌት ተቀን ትተነፍስ ነበር።

ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሱት ኤም. ሲ. ሜህታ የተባሉ ጠበቃ ናቸው። በታኅሣሥ 1984 በቦፓል ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ መርዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከገደለ በኋላ የህንድ ዳኞች በአካባቢ ብክለት ጉዳይ ጆሯቸው ተከፍቶ ነበር። ሜህታ በ1985 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያቀረቡት አቤቱታ ቁጥር 13029 ተሰጠው። የተመሠረተውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ ነው፤ አንቀጹ ማንም ሰው ሕግ ከደነገገው ሥርዓት ውጭ ሕይወቱንና ነፃነቱን እንዳይነጠቅ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጊዜ በኋላ «ሕይወት» የሚለው ንጹሕ አየር መተንፈስንም ይጨምራል ብሎ ተረጎመው። ይሁንና ከአቤቱታው በኋላ ያሉት ዓመታት በአብዛኛው በኮሚቴና በዘገባ አለፉ። ለቤንዚን መኪና ጭስ የመጀመሪያው አገራዊ ገደብ የወጣው በ1991፣ ለናፍጣ መኪና ደግሞ በ1992 ነው፤ ሁለቱም በጣም ልል ነበሩ። በፍጥነት የሄደው የእርሳሱ ጉዳይ ብቻ ነው። በሚያዝያ 1995 በአራቱ ታላላቅ ከተሞች እርሳስ አልባ ቤንዚን መሸጥ ተጀመረ፤ በመስከረም 1998 ባለ እርሳሱ ቤንዚን ከዴልሂ ወጣ፤ በየካቲት 2000 ከመላው አገሪቱ ተወገደ። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

እርሳሱ ቀልሎ ድኙ የከበደበትን ምክንያት ኬሚስትሪ ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም። በዚያ ዘመን ህንድ ውስጥ የቤት መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ የቤንዚን ለውጥ የሚነካው እነዚህን ጥቂቶችና ማጣሪያዎቹን ነው። ናፍጣ ግን አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ የገበሬው የውኃ መሳቢያም የሚሠሩበት ነው። ዋጋውን መንግሥት ይወስናል፤ መንግሥት ደግሞ የገበሬውን ድምፅ ይፈልጋል። ስለዚህ ናፍጣ ሁልጊዜ ከቤንዚን በብዙ እንዲረክስ ይደረግ ነበር። ከሁለቱም የሚረክሰው ለድሃው ምድጃና ኩራዝ ተብሎ በድጎማ የሚታደለው ነጭ ጋዝ ነበር። በጎ ሐሳብ የወለደው ይህ የዋጋ ልዩነት የራሱን ነጋዴ ፈጠረ። በድሃው ስም የወጣው ነጭ ጋዝ ከመጋዘን ወደ ማደያ ጉድጓድ ይዞራል፣ ከናፍጣና ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል፣ ትርፉም ከአከፋፋዩ ጀምሮ አይቶ እንዳላየ እስከሚያልፈው ባለሥልጣን ይከፋፈላል። የነዳጅ ጥራት ይጠበቅ ማለት ይህን ሰንሰለት መንካት ማለት ነበር። ወረቀት ላይ ያለ ደረጃ ሳይሸራረፍ ከማጣሪያው ቢወጣ እንኳ ማደያው ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በ1996 የሳይንስና አካባቢ ማዕከል የተባለው የዴልሂ ድርጅት «አዝጋሚ ግድያ» ብሎ የሰየመውን ጥናት አወጣ። የድርጅቱ መሥራች አኒል አጋርዋልና ባልደረባቸው ሱኒታ ናራይን ጭሱን በሾፌሩ ላይ ብቻ ከማላከክ ወጥተው ከሞተሩ ንድፍና ከነዳጁ ጥራት ጋር አያያዙት። ሾፌሩ መኪናውን ስላላስጠገነ ነው የሚባለው ቅጣት ዋናዎቹን ተጠያቂዎች፣ ነዳጁን የሚያጣራውንና ሞተሩን የሚሠራውን፣ ከጥያቄ አድኗቸው ነበር። በጥር 1998 መንግሥት በፍርድ ቤቱ ግፊት የአካባቢ ብክለት መከላከልና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ። ሰብሳቢው ቡሬ ላል የሚባሉ፣ ቀድሞ በገንዘብ ወንጀል ምርመራ ስም ያተረፉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ አጋርዋልም አባል ሆኑ፤ ከመኪና አምራቾች ወገንም ወንበር የተሰጠው ነበር። ፍርድ ቤቱ የዚህን አካል ምክር ይዞ በሐምሌ 28 ቀን 1998 የሰጠው ትእዛዝ የታሪኩ መዞሪያ ነው። ባለ እርሳስ ቤንዚን ከመስከረም 1 ጀምሮ ይቅር፤ ከ15 ዓመት በላይ ያገለገሉ የንግድ መኪኖች እስከ ጥቅምት 2 ከመንገድ ይውጡ፤ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የሚሆን ዘይት በልቅ መሸጡ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቁም፤ የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ፣ በአጠራሩ ሲኤንጂ፣ የሚሞሉት ማደያዎች ከ9 ወደ 80 ይድረሱ፤ የከተማው አውቶቡስ በሙሉ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2001 በሲኤንጂ ብቻ የሚሄድ ይሁን፤ ቁጥሩም ወደ 10,000 ከፍ ይበል ተባለ። እያንዳንዱ መስመር ቀን ተቆርጦለት ነበር።

ቀኑ ገና ሩቅ ሳለ ማንም አልተቃወመም። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ በነዳጅ ፖለቲካ ውስጥ እንቅፋት የሚሆነው ሰው ብዙ ጊዜ «አይሆንም» አይልም፤ «ይሆናል፣ ግን አሁን አይደለም» ይላል። የዴልሂን ግዛት የኮንግረስ ፓርቲዋ ሺላ ዲክሺት ያስተዳድሩ ነበር፤ ማዕከላዊው መንግሥት ደግሞ በተፎካካሪው በባራቲያ ጃናታ ፓርቲ እጅ ነበር። አስተዳደሩ «ጋዙን ማዕከሉ አላቀረበልኝም» ሲል ማዕከሉ «አስተዳደሩ አውቶቡሱን ሳያዝ ጋዙን ለማን ላቅርብ» ይላል። የአውቶቡስ ባለንብረቶቹ ሁለቱ እስኪስማሙ ግዢያቸውን ይዘው ቆዩ። ፋብሪካዎቹም ትእዛዝ ካልመጣልን አናመርትም አሉ። የነዳጅ ሚኒስቴሩ የጋዝ እጥረት አለ እያለ ይከራከር ነበር፤ ነገር ግን ያው ጋዝ ለኢንዱስትሪዎች በቅናሽ ይከፋፈል ነበር። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲታዩ ውሸት አልነበሩም። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁሉም የሚቆምበት ዙሪያ ጥምጥም ነበር፤ ከክቡ ቀድሞ የወጣ ወገን ብቻውን ስለሚከስር የወጣ አልነበረም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ባከነ።

በሚያዝያ 2001 መጀመሪያ ቀኑ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ቀድሞ አዲስ ተሽከርካሪ ላዘዙት ባለንብረቶች እስከ መስከረም ድረስ ፋታ ቢሰጥም ሌሎቹ አውቶቡሶች እንዲቆሙ አዘዘ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ፌርማታ ላይ ቀሩ፣ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ቀሩ፣ ቁጣው ወደ ጎዳና ወጣ። የጋዙ ሰልፍ ደግሞ ለብቻው ሌላ ፈተና ነበር። ሲኤንጂ እንደ ናፍጣ በቦቴ መጥቶ ጉድጓድ ውስጥ የሚገለበጥ አይደለም። ከዋናው ቧንቧ ላይ የተተከለ «እናት» ማደያ ጋዙን በኃይለኛ መጭመቂያ ወደ 200 ከባቢ አየር ገደማ ያምቀዋል፤ ከቧንቧው የራቁት «ልጅ» ማደያዎች በጭነት መኪና ላይ በተደረደሩ ሲሊንደሮች ከእናቲቱ ይቀበላሉ። የልጅ ማደያው ሲሊንደር እየጎደለ ሲሄድ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አንድ አውቶቡስ ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፣ ታንኩም ሳይሞላ ይቀራል፤ ስለዚህ ያው አውቶቡስ ቶሎ ተመልሶ ይሰለፋል። በእነዚያ ወራት የባለ ሦስት እግር ሾፌሮች ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ሌሊት ድረስ ተሰልፈው መቀመጫቸው ላይ ያንቀላፉ ነበር። የአውቶቡሶች መቃጠል አልፎ አልፎ ሲደርስ ደግሞ ጋዙ ራሱ ፈንጂ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ምንጩ ግን ከ1998 እስከ 2001 ማደያ፣ መጭመቂያና አውቶቡስ ሊዘጋጅበት ይገባ የነበረው ጊዜ መባከኑ ነው።

ከክርክሮቹ ሁሉ በቁም ነገር መመለስ ያለበት የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። መንግሥት በመስከረም 2001 በታዋቂው የኬሚካል ምሕንድስና ሊቅ በአር. ኤ. ማሸልካር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በጥር 2002 ባቀረበው የመጀመሪያ ዘገባ መንግሥት የጭሱን ልክ ይወስን እንጂ ነዳጁን አይምረጥ፣ ምርጫው ለባለ መኪናው ይተው አለ። ድኙ በእጅጉ የተቀነሰ ናፍጣና ጥሩ ማጣሪያ ያለው ሞተር እንደ ጋዝ ሊነጻ ይችላል የሚሉም ተመራማሪዎች ነበሩ። በመርህ ደረጃ ይህ ትክክል ነው፤ አውሮፓም የሄደችው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፦ ከማጣሪያው የወጣው ናፍጣ ታንክ ውስጥ እስኪገባ ያው ናፍጣ ሆኖ እንደሚቆይና መርማሪው እንደማይገዛ። ህንድ ውስጥ ደግሞ ጠፍቶ የነበረው ይኸው ነው። የነዳጅ ክለሳው ሰንሰለት ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው የማንጁናት ሻንሙጋም ታሪክ ያሳያል። የኢንዲያን ኦይል ኩባንያ ወጣት ሠራተኛ የነበረው ማንጁናት በኡታር ፕራዴሽ ግዛት የተከለሰ ነዳጅ የሚሸጥ ማደያ አሽጎ ነበር፤ በኅዳር 2005 በጥይት ተገደለ፤ 27 ዓመቱ ነበር። ጋዝ ግን ነጭ ጋዝ አይቀላቀልበትም። የዴልሂ ምርጫ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፦ ሰዎች ሊያጭበረብሩበት የማይችሉትን ነዳጅ መረጠች። የቁጥጥር ተቋሙ ደካማ በሆነበት አገር ለማስፈጸም ሐቀኛ መርማሪ የማያስፈልገው ደንብ፣ በሐቀኛ መርማሪ ላይ ከተንጠለጠለ የተራቀቀ ደንብ ይበልጣል።

ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 5 ቀን 2002 የመጨረሻ ቃሉን ሰጠ። ዳኛ ኪርፓልና ሁለት ባልደረቦቻቸው መንግሥት ትእዛዙን ለማጓተት ሞክሯል ብለው ወቀሱት፤ ለትራንስፖርት የሚሆን ጋዝ ከኢንዱስትሪው ቀድሞ እንዲመደብም አዘዙ። ከዚያም እስከዚያ ድረስ ያልነበረውን ነገር ጨመሩ። በናፍጣ የሚሄድ እያንዳንዱ አውቶቡስ ከጥር 31 ጀምሮ በቀን 500 ሩፒ እንዲከፍል፣ ከውሳኔው በኋላም ከሠላሳ ቀን በላይ ከቆየ ቅጣቱ ወደ 1,000 ሩፒ እንዲያድግ፣ ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ 800 የናፍጣ አውቶቡስ ከመንገድ እንዲወጣ ወሰኑ። የቅጣቱ መጠን ግዙፍ አይደለም፤ ከአውቶቡስ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ግን በየቀኑ ይቆጠራል። አዲስ አውቶቡስ መግዛት ኪሳራ፣ መጠበቅ ደግሞ ነፃ የነበረበት ሒሳብ ተገለበጠ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2002 የመጨረሻው የናፍጣ የከተማ አውቶቡስ ከዴልሂ ጎዳና ወጣ። ለሦስት ዓመት ከግማሽ አይቻልም ሲባል የነበረው በስምንት ወር አለቀ። አኒል አጋርዋል ይህን ሳያዩ በዚያው ዓመት በጥር ወር አርፈው ነበር።

ዳኞች ነዳጅ ይመርጡ ዘንድ ማን ሥልጣን ሰጣቸው? ይህ ጥያቄ በህንድ የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ዛሬም ይነሣል፤ ክብደትም አለው። የጋዝ ቧንቧ የት ይዘርጋ፣ አውቶቡስ መቼ ይገዛ የሚለው ሕዝብ የመረጠው አስተዳደር ሥራ ነው፤ ዳኛ ሲሳሳት በምርጫ አይነሣም። ነገር ግን ተጠያቂነት በሁለት አቅጣጫ መታየት አለበት። የተመረጠው መንግሥት ከአቤቱታው እስከ ትእዛዙ ድረስ 13 ዓመት ነበረው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የራሱን አማራጭ ይዞ እንዳይቀርብ ማንም አልከለከለውም። ቢያቀርብ ኖሮ ዳኞቹ ነዳጅ መምረጥ ባላስፈለጋቸው ነበር። በተጨማሪም ፍርድ ቤቱ ሐሳቡን ከባዶ አላመነጨውም፤ መንግሥት ራሱ ባቋቋመው አካል ምክር ላይ ቆሞ ቀን ቆረጠለት። እኔ እንደማየው የፍርድ ቤቱ ድፍረት ምስጋና የሚገባው ነው፤ ሆኖም በመደበኛው አስተዳደር ምትክ ሊቆም የሚችል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ስለ ድሆቹ የተነሣው ነው። የባለ ሦስት እግር ሾፌሮች አሮጌ ተሽከርካሪያቸውን ጥለው አዲስ ባለ ጋዝ እንዲገዙ ተገደዱ። አብዛኞቹ ከባንክ የመበደር አቅም ስላልነበራቸው አራጣ አበዳሪ እጅ ወደቁ፤ የፈቃዱ ቁጥር ቀድሞ በፍርድ ቤት ስለተገደበ ደግሞ ፈቃዱ ራሱ ውድ ሸቀጥ ሆነ፤ ሠርተው ካገኙት ላይ ዕዳቸው ቀድሞ ይወስድ ነበር። ይህ ጥፋት ነው፤ ማስተባበል አይገባም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ለውጡ መቅረት ነበረበት ማለት አይቻልም። ጭሱን በብዛት የሚተነፍሰው ቀኑን ሙሉ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚውለው ያው ሾፌር፣ ያው ጎዳና ላይ የምትቸረችር ሴት፣ ያው ፌርማታ ላይ የሚቆም ሠራተኛ ነው። የጎደለው ነገር ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን ርካሽ ብድር ነበር፤ እሱን ማዘጋጀትም የመንግሥት ድርሻ ነበር። ድሃው በንጹሕ ነዳጅ ላይ መከራከሪያ ሆኖ ሲቀርብ ኖሮ፣ ለውጡ ሲመጣ ግን ማንም የእሱን ወጪ አልሸፈነለትም። ለድሃው የቆመ ሰው ብድሩን ይዞ መምጣት ነበረበት፤ ቀኑ ይራዘም እያለ ሊመጣ አይገባም ነበር።

ሌላው ጥያቄ ውጤቱን ይመለከታል። ዴልሂ ዛሬም በጭስ ትታወቃለች፤ በ2014 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የከተሞች ዝርዝር በደቃቅ ብናኝ መጠን ከዓለም አንደኛ ነበረች። ታዲያ ያ ሁሉ ትግል ምን ረባ? ኡርቫሺ ናራይንና አለን ክሩፕኒክ በ2007 ያወጡት ጥናት የናፍጣ አውቶቡሶች ወደ ጋዝ መዞራቸው ብናኙን፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና የድኙን ጋዝ እንደቀነሰ፣ የነዳጁ ድኝ መቀነሱም እንደረዳ አሳይቷል። ባለ ሦስት እግሮቹ ላይ ግን ያን ያህል ውጤት አልተገኘም። ጥናቱ የተገኘውን ጥቅም ምን እየበላው እንደነበረም አመልክቷል፤ የናፍጣ የቤት መኪኖች ብዛት ነው። ለገበሬው ተብሎ የረከሰው ናፍጣ የመካከለኛውን መደብ ወደ ናፍጣ መኪና ሳበው፤ ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች ግማሽ ያህሉ ናፍጣ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2015 ትላልቆቹን የናፍጣ መኪኖች በዴልሂ ዙሪያ እንዳይመዘገቡ አገደ፤ በነሐሴ 2016 ግን ከዋጋቸው አንድ በመቶ ይክፈሉ ብሎ አነሣው። ከዚህ ሌላ የግንባታ አቧራ፣ የጡብ ምድጃና በየመኸሩ በፑንጃብና በሃርያና የሚቃጠለው የሩዝ ገለባ አለ። የዴልሂ ጭስ ተመልሶ መክበዱ ሥራው እንደቆመ የሚያሳይ እንጂ ቀድሞ የተሠራው ከንቱ እንደነበረ የሚያስረዳ አይደለም። የአውቶቡሱ ባለንብረት በቀን ቅጣት፣ የታክሲው ሾፌር ደግሞ በዕዳ ተሽከርካሪ እንዲለውጡ ሲገደዱ የግል መኪና ያለው ሰው በአንድ በመቶ ታልፏል፤ የፖለቲካው ሚዛን ወዴት እንዳጋደለ ከዚህ ይታያል።

ዴልሂ ብቻዋን ብትጸዳም ብዙ ርቀት መሄድ አትችልም ነበር። ለትላልቅ ከተሞች የተሻለ ናፍጣ፣ ለገጠሩ የባሰ ናፍጣ ሲቀርብ የጭነት መኪናው ከከተማው ወሰን ውጭ ርካሹንና ቆሻሻውን ቀድቶ ይገባል። ይህ ባለ ሁለት ደረጃ አሠራር የተያዘው ማጣሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ለመታደስ አቅም የላቸውም በሚል ነው። ነገር ግን በጉጃራት የሚገኘው፣ በ1999 ሥራ የጀመረው የጃምናጋር ማጣሪያ በ2008 ሁለተኛ ክፍል ጨምሮ ለውጭ ገበያ የሚሆን ንጹሕ ነዳጅ ሲያመርት፣ የህንድ ገጠር ገና ድኝ የበዛበት ናፍጣ ይቃጠልበት ነበር። አቅሙ ነበረ፤ የጎደለው ለአገር ውስጥ ገዢ የሚያስገድድ ቀን ነው። ቀኑ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2010 አሥራ ሦስት ከተሞች 50 ፒፒኤም ናፍጣ አገኙ፤ በሚያዝያ 2017 ደረጃው አገር አቀፍ ሆነ። አምራቾች አሮጌውን ደረጃ የያዙ ከ800,000 በላይ ያልተሸጡ ተሽከርካሪዎች አሉን ቢሉም ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 29 የሕዝብ ጤና ከንግድ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ሽያጩን ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ከለከለ፤ ነጋዴዎቹ በቀሯቸው ሁለት ቀናት ዋጋ ሰብረው ሸጡ። መንግሥትም በዚህ ጊዜ ወደ ፊት ቀድሞ ነበር፤ በጥር 2016 አንዱን ደረጃ ዘልሎ በቀጥታ ወደ 10 ፒፒኤም ለመሄድ ወስኖ ነበር። የዴልሂ ማደያዎች በሚያዝያ 2018፣ የመላው አገሪቱ ደግሞ በሚያዝያ 1 ቀን 2020 ይህን ነዳጅ መሸጥ ጀመሩ። ማጣሪያዎቹ ታደሱ እንጂ አልተዘጉም። የአሮጌውን ደረጃ ተሽከርካሪዎች ሽያጭ የከለከለው የ2017 ውሳኔ እንኳ የተሰጠው በዚያው በቁጥር 13029 መዝገብ ላይ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሚነግረን ነገር አለ፤ የእኛ ሁኔታ ግን ከህንድ ይለያል። የኬንያ የሞምባሳ ማጣሪያ በ2013 ሥራ ካቆመ በኋላ ኬንያና የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቿ በጥር 2015 ወደ 50 ፒፒኤም ናፍጣ ተሻግረዋል፤ የሚከላከሉለት አሮጌ ማጣሪያ ሲቀር ክርክሩም አብሮ ቀረ። ኢትዮጵያም ከአሰብ ማጣሪያ መቋረጥ በኋላ ለዓመታት ተጣርቶ ያለቀለት ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ስትገዛ ኖራለች። ገዢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ስለሆነ የጥራቱ ልክ የሚወሰነው በግዢ ውሉ ላይ በሚጻፍ አንድ ቁጥር ነው። በጥር 2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አግዷል፤ አሁን መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች፣ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ግን ገና ለብዙ ዓመታት ቤንዚንና ናፍጣ ያቃጥላሉ። በጥቅምት 2025 ደግሞ በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ ግንባታ መጀመሩ ይፋ ሆኗል። አንድ ማጣሪያ ድኝ የሚያወጣበት መሣሪያ ሳይገጠምለት ከተሠራ በኋላ ባለቤቱ ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የለውጥ ተቃዋሚ ይሆናል፤ የህንድ ማጣሪያዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ የጎዴው ናፍጣ ከመጀመሪያዋ ሊትር ጀምሮ ከ10 ፒፒኤም በላይ ድኝ እንዳይኖረው፣ ካለፈም በየቀኑ የሚታሰብ ቅጣት እንዲኖረው፣ ብረቱ ሳይበየድ አሁኑኑ በውሉ ውስጥ አስጽፉ።